ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ጥሪው ምሳ ሰዓት አይጠብቅም

የስኳር መለኪያው 110 አለ እንበል፤ 110 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

እስከ ምዕራፍ ስምንት አብሮኝ የዘለቀ አንባቢ «ጥሩ ነዋ!» ይለኛል። እውነቱን ነው። ሳይበላ ያደረ ጤነኛ ሰው ከ70 እስከ 100 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ በኢንሱሊን ለሚታከም ሰው ደግሞ 110 ሐኪሙን ፈገግ የሚያሰኝ ውጤት ነው። ቢሮ ተቀምጣ ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት ይህን ቁጥር ብታሳየኝ «በርቺ» ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።

ይህችው ሴት የአምቡላንስ ባለሙያ ብትሆንስ? ጠዋት የተወጋችው ኢንሱሊን አሁን ኃይሉን እያወጣ ነው። ምሳዋን ገና አልቀመሰችም። ስልክ ተደወለ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ደረቱን ያመመው ሰው አለ፣ ሊፍት የለም፣ ቃሬዛው የሚወርደው በደረጃ ነው። ለእሷ በዚህች ደቂቃ 110 አስጊ ቁጥር ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 60 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ደግሞ የቃሬዛውን እግርጌ ይዛ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትሆናለች።

መለኪያው ለሁለቱም ያሳየው አንድ ነገር ነው። የማያሳየው ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው፤ ይህ ምዕራፍ በሙሉ ስለዚያ አቅጣጫ ነው።

«ስኳር አለብኝ፤ አምቡላንስ ላይ መሥራት እችላለሁ?» ብለው የሚጠይቁ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠብቁት የአንድ ቃል መልስ ነው። አጭሩ መልስ አዎ ነው፤ ብዙዎች ይችላሉ፣ በተለያዩ አገሮች እየሠሩ ያሉም አሉ። ረጅሙን መልስ ለመረዳት ግን ወደ ሆስፒታል ከመሄዳችን በፊት ጭስ ቤት መግባት ይኖርብናል።

## ምጣዱና እንጨቱ

በሸክላ ምጣድ፣ በእንጨት እሳት ጋግሮ የሚያውቅ ሰው የዚህን ምዕራፍ ግማሽ ሳያነበው ያውቀዋል። ምጣድ ቶሎ አይግልም። እንጨቱ ተማግዶ፣ እሳቱ ነድዶ፣ ሙቀቱ በሸክላው ውፍረት አልፎ ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ጀማሪ ጋጋሪ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲላት እንጨት ትጨምራለች። የሚቀጥለውም ዓይን አላወጣም፤ ደግማ ትማግዳለች። የሁለቱም ማገዶ ግለት ዘግይቶ በአንድ ላይ ይደርስና ሦስተኛው እንጀራ ያርራል። ደንግጣ እሳቱን ብትጎትተውም ምጣዱ ግለቱን ይዞ ይቆያል። ልምድ ያላት ጋጋሪ የምትማግደው ከሁለት እንጀራ በኋላ ለሚመጣው ነው። ሊጡ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ቀድማ እሳቱን ትጎትትና የመጨረሻዎቹን በምጣዱ ግለት ብቻ ታወጣቸዋለች።

ከቆዳ ሥር የሚወጋ ኢንሱሊን እንደዚያ ማገዶ ነው፤ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከደረሰም በኋላ በፈለጉት ሰዓት አይጠፋም። በምዕራፍ አምስት ዓይነቶቹን ስንዘረዝር ያየናቸውን ሰዓቶች እዚህ ላይ አንድ ጊዜ እናስታውሳቸው። ፈጣን የሚባሉት፣ እንደ ሊስፕሮና አስፓርት ያሉት፣ በ15 ደቂቃ ገደማ መሥራት ይጀምራሉ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ውስጥ ይበረታሉ፤ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይቆያሉ። እኛ አገር በመንግሥት ጤና ተቋም የሚታከም ብዙ ሰው የሚያውቀው ሬጉላር ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጀምርና እስከ 8 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ኤንፒኤች፣ ያ በብልቃጡ ውስጥ ደመና መስሎ የሚታየው፣ የሚበረታው ከተወጉት ከ4 ሰዓት በኋላ ጀምሮ ነው፤ ብርታቱም እስከ 12ኛው ሰዓት ሊገፋ ይችላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወጋ ኤንፒኤች ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ምሳ ይጠይቃል። ምሳው ቀርቷል ቢሉት አይሰማም።

የጤነኛ ሰው ቆሽት ይህ ጣጣ የለበትም። የሚያመነጨው ኢንሱሊን በቀጥታ ወደ ጉበት በሚያመራው ደም ውስጥ ይገባል፤ ደም ውስጥ ከገባ በኋላም ግማሹ በአምስት ደቂቃ አካባቢ ተሰባብሮ ያልቃል። ስኳር መውረድ ሲጀምር ቆሽት ማመንጨቱን ይቀንሳል፤ ነገሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይስተካከላል። እሳቱ ሲነሣ ወዲያው የሚበርድ ስስ የብረት ምጣድ ማለት ነው።

በኢንሱሊን የሚታከም ሰው እንግዲህ አሁን የሚያየው ስኳር ከሰዓታት በፊት የወሰነው ውሳኔ ውጤት ነው፤ አሁን የሚወስነውም የሚታየው በኋላ ነው። በተለመደ ኑሮ ይህ መዘግየት ብዙ አያስቸግርም፤ ምሳ በሰዓቱ ይመጣል፣ መንገዱ ያው ነው፣ ድካሙም የታወቀ ነው። የድንገተኛ ሕክምና ሥራ ግን እነዚህን ሁሉ ያፈርሳል። መቼ እንደሚበላ፣ ስንት ደረጃ እንደሚወጣ፣ መቼ ወደ ጣቢያ እንደሚመለስ የሚያውቅ የአምቡላንስ ሠራተኛ የለም። ዘግይቶ የሚሠራ መድኃኒት ሰዓት ከማይታወቅበት ሥራ ጋር ሲገናኝ ችግሩ ይወለዳል።

ሁሉም ባለስኳር በዚህ ችግር ውስጥ እኩል እንዳልሆነ ጠቁሜ ልለፍ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚውጥ ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች የሚወርድበት አጋጣሚ በጣም ጥቂት ነው፤ ከሚቀጥሉት ገጾች ብዙው አይመለከተውም። ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው ግን ሁሉንም ያንብበው። ይህ ክኒን ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን የሚያስወጣ ነው፤ ውጤቱም አንድ ቀን ሙሉ ሊቆይ ይችላል።

## አንድ ጥሪ በሰውነት ውስጥ

ወደ አራተኛው ፎቅ እንመለስ። 907 ወይም 939 ተደውሎ አምቡላንሱ ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ በሠራተኛዋ ደም ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይጀምራሉ።

የመጀመሪያው የድንጋጤው ነው። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር እንዲለቅ ያዙታል። ስለዚህ በጥሪው መጀመሪያ ስኳር ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው የጡንቻው ነው። ደረጃ መውጣት፣ ቃሬዛ መሸከም፣ በተለይም ልቡ የቆመን ሰው ደረት እየተጫኑ ማቆየት ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ደግሞ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ እንኳ ስኳር ከደም ይወስዳል። ጭኗ ላይ ተወግታ ከሆነ ደግሞ የጭኑ የደም ዝውውር ስለሚጨምር መድኃኒቱ ከወትሮው ቶሎ ይገባል። ይህ ቁጥሩን ያወርደዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሸንፍ ከሰው ሰው፣ ከጥሪ ጥሪም ይለያያል።

ወጥመዱ ያለው ከጥሪው በኋላ ነው። በሽተኛው ተረክቧል፣ ድንጋጤው ግን ገና አልበረደም፤ ትለካለች፣ 240። ትበሳጫለች፤ ትወጋለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ አሁንም 210 ነው፤ ትደግማለች። ያች ጀማሪ ጋጋሪ ይህች ናት። አድሬናሊኑ ሲበርድ፣ የደከመው ጡንቻ ያጎደለውን ስኳር መልሶ መሙላት ሲጀምር፣ ሁለቱ መርፌዎች ደግሞ በአንድ ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ ቁልቁል ይሄዳል። ባለሙያዎቹ ይህን ኢንሱሊን መደራረብ ይሉታል። ጡንቻው መልሶ የሚሞላው ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ስለሆነ ውድቀቱ የሚመጣው ቤት ገብታ ከተኛች በኋላ ሊሆን ይችላል። ከጥሪ በኋላ ለታየ ከፍተኛ ቁጥር መርፌ ከማንሣት በፊት «ከቅድሙ ስንት ቀርቶኛል?» ማለት ያስፈልጋል። የሒሳቡን ዝርዝር እያንዳንዱ ሰው ከሐኪሙ ጋር ይሠራዋል።

በዚህ ላይ ከተማውን ጨምሩበት። ከኮልፌ የተነሣ በሽተኛ አልጋ ፍለጋ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ሲዞር፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የተጀመረ ጥሪ 9 ሰዓት ላይ ሊያልቅ ይችላል። ኤንፒኤች ጠዋት ለተወጋ ሰው እነዚህ ሦስት ሰዓታት ከቀኑ ሁሉ የከፉት ናቸው።

## ላብ ምስክር የማይሆንበት ሥራ

በምዕራፍ ስድስት ስኳር ሲወርድ ሰውነት ሁለት ጊዜ እንደሚያስጠነቅቅ አይተናል። ከ70 በታች ሲሆን ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ረሃብ ይመጣል። ይህ አድሬናሊን የሚያሰማው ጩኸት ነው። ከ54 በታች ሲወርድ ደግሞ አንጎል ራሱ መቸገር ይጀምራል። ሰውነታችን ዐርፎ ሳለ ከሚያወጣው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚበላው አንጎል ነው፤ ዋና ቀለቡም ይኸው ስኳር ነው። ሲጎድልበት ቃል ይጠፋዋል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ጠባይ ይለወጣል።

እንግዲህ በጥሪ መካከል ያለ ሰው የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ እንዴት ይለየዋል? አራተኛ ፎቅ በሩጫ የወጣ ሁሉ አልቦታል። የሁሉም ልብ ይመታል። እጁ የሚንቀጠቀጠው ከስኳር ይሁን ከፊቱ ካለው ሕፃን የተነሣ፣ ባለቤቱ ራሱ ሊለየው አይችልም። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ደግሞ የሚያጠቃው ማስጠንቀቂያውን መረዳት የነበረበትን አንጎል ነው። «እኔ ስኳሬ ሲወርድ ይታወቀኛል» የሚለው ኩራት ቢሮ ውስጥ ያገለግል ይሆናል፤ አምቡላንስ ውስጥ ግን አልተማመንበትም። እዚህ ሥራ ላይ ሰው ስኳሩን የሚያውቀው ለክቶ ነው።

ሌላው ዘዴ የሥራ ባልደረባ ነው። አብሮ የሚሠራ ሰው ከውጭ የሚያያቸው ምልክቶች አሉ፦ አንድን ጥያቄ ሦስት ጊዜ መጠየቅ፣ ያለ ነገሩ መቆጣት፣ ሁልጊዜ በቃል የሚሠሩትን የመድኃኒት መጠን ሒሳብ ላይ መደነቃቀፍ፣ ዝም ብሎ ማፍጠጥ። ባልደረባው እነዚህን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። «ቁጡ ሆንኩብህ ብለህ ከመቀየምህ በፊት ለካኝ» ብሎ ፈረቃው ሲጀመር መናገር የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ግን ስንቱ ይናገራል? ስኳርን መደበቅ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። አንዱ ሥራ እንዳያጣ፣ አንዷ ትዳር እንዳይቀርባት፣ ሌላው «ምስኪን» እንዳይባል ይደብቃል። በመኪናው ውስጥ ካለ ማንኛውም ስኳር ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ የተደበቀው ነው። የተናገረን ሰው በማግስቱ ከሥራ የሚያባርር አለቃ ባለበት ግን ደባቂውን ብቻ መውቀስ አልችልም። መደበቅን የሚያስተምረው ያ አለቃ ነው።

ይህ ሕመም ያለበት ባለሙያ የሚያተርፈው ነገርም አለ። ስኳሩ የወረደበት ሰው መንገድ ላይ ሲንገዳገድ አላፊ አግዳሚው «ሰክሯል» ብሎ ያልፈዋል። በእንዲህ ያለ ጥሪ ላይ መጀመሪያ የሚደረገው መለካት ነው፤ ቁጥሩ ወርዶ ከተገኘም 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጥና ሰውዬው በደቂቃዎች ውስጥ ዓይኑን ሊገልጥ ይችላል። ራሱ በየቀኑ ጣቱን የሚወጋ ባለሙያ ይህን መለካት ይረሳል ብዬ አላስብም። እግረ መንገዴን አንዲት ነገር ላስታውሰው፦ ግሉኮስ ሲሰጥ የነካው ጣት ላይ የራሱን ስኳር ከለካ መለኪያው ከእውነቱ በላይ የሆነ ቁጥር ይሰጠዋል። በውኃ ታጥቦ መለካት ነው። ውኃ ከሌለ የመጀመሪያውን ጠብታ ጠርጎ በሁለተኛው ይለካል።

## ትርፍ ይዞ መውጣት

ሰዓቱን ማዘዝ የማይችል ሰው የሚችለው ትርፍ መያዝ ነው። ቢሮ የምትውለው ሴት 80 ላይ በምቾት ትሠራለች፤ ፈረቃ ላይ ያለችው ከዚያ ከፍ ብላ መዋል ይሻላታል። ብሪታንያ ውስጥ በኢንሱሊን ለሚታከሙ አሽከርካሪዎች የሚሰጠው ምክር ስኳር ከ90 በታች ከሆነ አንድ ነገር ሳይበሉ መሪ አለመያዝ ነው። 90 በራሱ ሕመም አይደለም። ነገር ግን ሊወርድ ይችላል፤ ሲወርድም የሚወርድበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ባለ 110ዋ ሴት ከመውጣቷ በፊት ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ትጠጣለች፤ ሃያ ሰከንድ ነው። መውጣቱን አልተወችውም፣ በሽተኛውም አልጠበቀም። ይህን ማድረግ የምትችለው ግን ለስላሳው አጠገቧ ካለ ብቻ ነው።

የኪስ ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ለወረደ ስኳር የሚፈለገው 15 ግራም ቶሎ የሚገባ ስኳር ነው፦ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ያህል ለስላሳ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለክቶ ካልወጣ ይደገማል። «ዜሮ» የተጻፈበት ለስላሳ ለዚህ ምንም አይረባም። ቆሎም ደግ ምግብ ነው፣ ለዚህች ሰዓት ግን ቀርፋፋ ነው፤ ቸኮሌትም በስቡ ምክንያት ይዘገያል። እነሱ የሚበሉት ስኳሩ ከተነሣ በኋላ፣ መልሶ እንዳይወርድ ነው። ስኳሩም በቦርሳ ሳይሆን በኪስ ይያዛል። ቦርሳው ምድር ቤት መኪናው ውስጥ፣ ባለቤቱ አራተኛ ፎቅ ሊሆን ይችላልና።

ምግብን በተመለከተ የፈረቃ ሰው ሕግ አንድ ነው፦ ሲርብህ ሳይሆን ስታገኝ ብላ። ለዚህም ነው በኢንሱሊን የሚታከም ሰው እየጾመ አምቡላንስ ላይ መሠማራቱ የማያስማማኝ። በሑዳዴም ሆነ በረመዳን፣ ሃይማኖቶቹ ራሳቸው ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ ጉዳዩን ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋር፣ ከሐኪምም ጋር መነጋገር ነው።

መድኃኒቱስ የት ይቀመጣል? ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ከፀሐይ ርቆ በክፍል ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣና በሰሜን ኬንያ ዳዳአብ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት መነሻ ያደረገ ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀትም ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደሚይዝ አሳይቷል። ደስ የሚል ዜና ነው። መተሐራ ፀሐይ ላይ የቆመ አምቡላንስ ዳሽቦርድ ግን ከ37 ዲግሪ ብዙ እንደሚያልፍ አይዘንጋ።

ከመሣሪያዎች ሁሉ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ የሚመስለኝ ክንድ ወይም ሆድ ላይ ተለጥፎ በየጥቂት ደቂቃው የሚለካው ሴንሰር ነው። ዋናው ጥቅሙ ከቁጥሩ ጎን ያለችው ቀስት ናት። 110 ከነቀስቷ ሌላ ቁጥር ነው፤ ቀስቷ ወደ ጎን ከሆነች ውጣ፣ ቁልቁል ከሆነች ጠጥተህ ውጣ። ሴንሰሩ የሚለካው ደሙን ራሱን ሳይሆን በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል፤ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ይህ መዘግየት ትርጉም አለው። ዋጋውም አዲስ አበባ ላይ ለአብዛኛው ሰው የማይቀመስ ነው። በጣት የሚለካ ሰው ቀስቷን በራሱ ይሠራታል፦ በግማሽ ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክቶ ልዩነቱን ያያል።

## ኮክፒት ውስጥ የተፈተነው

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በተግባር ይሠራል ወይ? ከማውቃቸው መልሶች ጠንካራው የመጣው ከአምቡላንስ ሳይሆን ከአውሮፕላን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ብሪታንያ በኢንሱሊን የሚታከሙ ፓይለቶች ጥብቅ ደንብ እየተከተሉ የንግድ አውሮፕላን እንዲያበሩ ፈቀደች። ደንቡ ቀላል ነው። ፓይለቱ ከመነሣቱ በፊት ይለካል፣ በበረራ ላይ በየሰዓቱ ይለካል፣ ከማረፉ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥም ይለካል። ውጤቱ እንደ ትራፊክ መብራት በቀለም ይነበባል። ከ90 እስከ 270 አረንጓዴ ነው። ከ90 በታች ወርዶ 72 እስኪደርስ ቢጫ ነው፣ ይበላል። ከ72 በታች ቀይ ነው፤ መሪውን ለባልደረባው ያስረክባል።

አረንጓዴውን ልብ ብላችሁ እዩት። ክሊኒክ ውስጥ 250 ያየ ሐኪም ይቆጣል፤ እዚህ ግን 250 አረንጓዴ ነው። ከፍ ያለ ስኳር የሚጎዳው በዓመታት ነው፤ ዝቅ ያለው ግን በደቂቃዎች ሰውን ይጥላል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የበረራዋን ሰዓት ከሌላው ሕይወት ለይተው ትርፉን ሆን ብለው ወደ ላይ አድርገውታል።

ውጤቱ ሲታተም 49 ፓይለቶች፣ ወደ 39 ሺህ የሚጠጉ ልኬቶች ተመዝግበው ነበር፤ ወደ 98 በመቶ የሚሆኑት አረንጓዴ ላይ ወድቀዋል። በስኳር ምክንያት ማብረር ያቃተው ፓይለት አልነበረም። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2019 ተመሳሳይ በር ከፍቷል።

ይህን ግን እንዳለ ገልብጦ አምቡላንስ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ፓይለቱ ተቀምጦ ነው የሚሠራው፣ ምግቡም ይቀርብለታል። ደረት እየተጫነ ያለ ሰው ሰዓት ስለሞላ ብሎ ጣቱን አይወጋም። የሚወሰደው ቀለሞቹን አስቀድሞ መወሰንና የሁለተኛው ሰው ሥልጣን ነው። ባልደረባ «ቀይ ነህ፣ ልቀቅ» ሲል ክርክር የለም።

## ፍርድ ቤቱ ሐሳቡን ሲለውጥ

አሠሪዎች ለረጅም ጊዜ የያዙት መንገድ በጅምላ መከልከል ነበር፤ ኢንሱሊን ትወጋለህ? እንግዲያው አትገባም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ለአካል ጉዳተኞች መብት የወጣው ሕግ ይህን መፈተን ጀመረ። በ1993 ኦሃዮ ውስጥ የቶሌዶ ከተማ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎችን በጅምላ ከፖሊስነት ማገዷ ከሕጉ ጋር እንደሚጋጭ የፌዴራል ፍርድ ቤት ወሰነ።

ለእኛ ርዕስ የበለጠ የሚያስተምረው ግን የቴክሳሱ ነው። እዚያ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1990ዎቹ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በሥራው መኪና መንዳት ካለበት ለሰው አደገኛ ነው ብሎ በመርሕ ደረጃ ደምድሞ ነበር። ካፕቼ የተባለ የሳን አንቶኒዮ ፖሊስ አመልካች ጉዳይ ሲቀርብለት፣ በ2002 ያው ፍርድ ቤት ድምዳሜው ዘመን እንዳለፈበት ተቀበለ። ሕክምናውና መለኪያው ተሻሽለዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አመልካች በራሱ ሁኔታ ይመዘን አለ። ኢንሱሊን ራሱ አሁንም ዘግይቶ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ስኳሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማየት ችሎ ነበር። ማየት ሲቻል ጅምላው ክልከላ መሠረቱን አጣ።

የተቀረው በዚያው መንገድ ሄደ። ብሪታንያ ውስጥ አምቡላንስ ለመንዳት ብዙውን ጊዜ ሲ1 የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ለከባድ መኪና ፈቃዶች ሁሉ በግል ምዘና ማመልከት ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ከባድ መኪና የሚነዱ ሰዎች ላይ የነበረው ክልከላ በ2018 በወጣ ደንብ ተነሥቶ በሐኪም ማረጋገጫ ተተካ። እዚያ ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎች በትራክ ሥራ ላይ ስለሆኑ ይህን የሚያነብ ዘመድ ካላችሁ ንገሩት፤ ሕመሙን ደብቆ የሚነዳበት ምክንያት ቀርቷል።

## ደብተሩን ይዞ መቅረብ

ሙያውን የሚያስብ ወጣት እንግዲህ ምን ይዞ ይቅረብ? የሁለቱ አገሮች ደንቦች በአንድ ነገር ይገጥማሉ፦ የሦስት ወር የስኳር መዝገብ። አንድ ቀን የታየ ጥሩ ቁጥር ማንንም አያሳምንም። ሦስት ወር የሚያሳየው ሰውዬው ምጣዱን ያውቀው እንደሆነ ነው፦ ከበሽታ፣ ከድካም፣ ከሠርግ ድግስና ከሌሊት ጉዞ በኋላ ቁጥሩ ምን ሆነ፣ እሱስ ምን አደረገ? መዝገቡ ላይ የወረዱ ቁጥሮች መኖራቸው አያስነውርም። ሁሉም 100 የሆነበት ደብተር ይልቅ እኔን ያጠራጥረኛል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ባለፈው አንድ ዓመት የሰው እርዳታ እስኪያስፈልገው ድረስ ስኳሩ ወርዶበት ያውቅ እንደሆነ ነው። ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ የእግር ስሜት፤ በምዕራፍ ሰባት ያየናቸው ናቸው፣ ሌሊት ለሚነዳና ደረጃ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ትርጉማቸው ግልጽ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚሰማው መሆኑም ይጠየቃል። በጥሪ መካከል አይታመንም ያልኩት ስሜት በዕረፍት ሰዓት እንኳ ከጠፋ ሌላ ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

አንዳንዱ እዚህ ላይ ይወድቃል። ስኳሩ በተደጋጋሚ የሚወርድበት ሰው ሰውነቱ መውረዱን ይለምደዋል፣ ላቡም መንቀጥቀጡም ይቀራል፤ 50 ላይ ሆኖ ሳቅ ጨዋታ ይዟል። እንዲህ ያለውን ሰው ከአምቡላንስ ማራቅ ግፍ አይደለም። ሆኖም ይህ መደንዘዝ በብዙዎች ላይ ይመለሳል፤ ለጥቂት ሳምንታት ስኳሩ ጨርሶ እንዳይወርድ ተጠንቅቆ የቆየ ሰው ማስጠንቀቂያውን መልሶ መስማት ሊጀምር ይችላል። ለዚያ የኢንሱሊኑን መጠን ከሐኪም ጋር ማስተካከል፣ ቁጥሩን ለጊዜው ከፍ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። እስከዚያው የጥሪ ማዕከሉ አለ። ስልክ ተቀብሎ አድራሻ ማጣራት፣ አምቡላንስ መመደብ፣ ባለሙያው እስኪደርስ ለደዋዩ ምን ማድረግ እንዳለበት መንገር ያው የድንገተኛ ሕክምና ሥራ ነው፤ ለስላሳው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ነው። የሚቀጥሉት ሦስት ወራት ደብተር እዚያ ተቀምጦ ሊሞላ ይችላል።